አባባን አውሮፕላን ለማስለመድ፦ ከጊኒር እስከ ቢሾፍቱ

ይህን የጉዞ ማስታወሻ የምጽፍላችሁ ከጊኒር ነው። ጉዞው የተደረገው በጥር ወር 2017 ዓ.ም፣ ልጆች የመንፈቀ ዓመት እረፍት ላይ በነበሩበት ሰሞን ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ቢሾፍቱ ላይ የሚደረገውን የአየር ትርኢት ለማየት የተወጣ የቤተሰብ ሽርሽር ነው። የእኔና የባለቤቴ ኒያ ግን ሌላ ነበር።

አባቴ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ከስንዴው ሽያጭ እየቆጠቡ ለሐጅ የሚበቃ ገንዘብ ካጠራቀሙ ሰነባብተዋል። አቅሙ አለ፣ ጤናው አለ፣ አልሐምዱሊላህ። የምዝገባው ወቅት በደረሰ ቁጥር ግን ሰበብ አይጠፋም። አንድ ዓመት ላሟ ልትወልድ ነው፤ በሌላው ጉልበታቸውን አሟቸዋል። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከመሞቷ በፊት እውነቱን ነግራኝ ነበር። «አባትሽን የያዛቸው አውሮፕላኑ ነው» አለችኝ። እርሳቸውም አልፎ አልፎ «እንደ ቀድሞዎቹ በመርከብ የሚኬድ ቢሆን ነገውኑ በተነሳሁ» ይሉ ነበር።

የትርኢቱን ወሬ ያመጣችው ትልቋ ልጄ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አብራሪ ካልሆንኩ ትላለች። በ2003 ዓ.ም አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን መሆኗን የደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፋዋለች። «አባባ ብዙ አውሮፕላን አንድ ላይ ቢያዩ ይለምዱታል» አለችን። እኛም አመንናት። አውሮፕላን ሁሉ አንድ መስሎን ነበር። አባባ ሲጠየቁ «ለልጆቹ ስል እሄዳለሁ፤ ሐይቁን አያለሁ» ብለው ተስማሙ።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን አልጋና ማእድ ቤት ባለው መኪና ከቤተሰብ ጋር እንደሚዘዋወሩ ፎቶ ይልኩልናል። እኛም የራሳችንን ሠራን። የአጎቴ ልጅ ሚኒባስ የኋላ ወንበሮቹ ወጥተው ፍራሽ ተነጠፈበት። ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ የሰላት ምንጣፍ፣ አንድ ቅል ጩኮ ተጫነ። ጩኮው ኮረኮንቹ ላይ ተደፍቶ ቅቤው ፍራሹን አጠጥቶት፣ እስከ መጨረሻው ቅቤ ቅቤ እየሸተትን ነው የሄድነው።

ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ወይብ ወንዝ አለቱን ሰንጥቆ የገባበት፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሶፍ ኡመር ዋሻ አለ። የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊያየው ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ጀርባችንን ሰጥተነው አውሮፕላን ፍለጋ ሄድን። ጎሮን፣ ሮቤን አልፈን ዲንሾ ስንደርስ የደጋ አጋዘኖች መንገድ ዳር ቆመው ተቀበሉን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ባለቤቴ ለልጆቹ ነገራቸው። ትንሹ ልጄ ግን የሚያሳስበው አጋዘን መዋኘት መቻል አለመቻሉ ነበር። ሌሊቱን ዶዶላ መኪናችን ውስጥ አደርን። ብርዱ አያስተኛም፤ አባባ ጋቢያቸውን ለልጆቹ አልብሰው ራሳቸው እስከ ፈጅር በዚክር አነጉት። በማግስቱ የሯጮቹን አገር በቆጂን፣ አሰላን፣ አዳማን አልፈን ቢሾፍቱ ገባን።

ቢሾፍቱ የሐይቆችና የአየር ኃይል ከተማ ናት። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን እዚያ ያደራጁት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባሉ ስዊድናዊ ነበሩ። ወደ ትርኢቱ ግቢ አልገባንም፤ ሰማዩ ለሁሉ ነው ብለን ከሐይቁ በላይ ካለ ከፍታ ላይ፣ ከከተማው ሰው ጋር ምንጣፋችንን አነጠፍን። ሻይ ተፈላ። መጀመሪያ ሄሊኮፕተሮች አለፉ። አባባ ቀና ብለው አዩና «እንደ ንብ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። እኔና ባለቤቴ ተያየን፤ ነገሩ የተሳካ መሰለን።

ከዚያ ተዋጊው ጄት መጣ። ድምፁ የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው፤ ሲደርስም ደረት ውስጥ ይገባል። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ወደ አባባ ስዞር የሉም። መሬት ላይ ወድቀዋል፤ ትንሹን ልጄን ከሥራቸው አድርገው ጋቢያቸውን በሁለቱም ላይ ጎትተዋል። ሻዩ ተደፍቷል። አጠገባችን የነበሩ ጎረምሶች ሳቁ። ትልቋ ልጄም መጀመሪያ ሳቀች፤ የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ስታይ ዝም አለች።

ወደ መኪናው ወሰድናቸው። ውሃ ጠጡ፣ ውዱእ አደረጉ፣ ዙህርና ዐስርን አጣምረን አሳጥረን ሰገድን። ከዚያ በኋላ ነው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የነገሩን። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም በባሌ የገበሬዎች አመጽ እንደነበር፣ ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ እንደነበሩ፣ አመጹን ለማብረድም አውሮፕላን ቦምብ መጣሉን እኔም አንብቤያለሁ። አባቴ በዚያን ጊዜ ከብት ጠባቂ ልጅ መሆናቸውን ግን ከመጽሐፉ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

«ድምፁ ሲመጣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አለት ሥር እንገባለን» አሉ። «ሲሄድ ወጥተን ከብት እንቆጥራለን። በኋላ ሰውም መቁጠር ጀመርን።»

ስለ ወንድማቸው ማንም አልጠየቀም። አጎት እንደነበረኝ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ትልቋ ልጄ አለቀሰች። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አብራሪነቱን ተውኩት» አለቻቸው። እርሳቸውም «አንቺ ምን አጠፋሽ?» ብለው ራሷን ዳሰሱ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። የቀረውን ትርኢት አላየንም። ማታውኑ ጉዞ ጀመርን። በመንገድ ላይ ብዙ አሰብኩ። እኛ ልጆች የወላጆቻችንን ፍርሃት እንደ እልህ ወይም እንደ እርጅና ቆጥረን መድኃኒት እናዝዝለታለን፤ ከየት እንደመጣ ግን አንጠይቅም። ሐጁን ላንሳባቸው ወይስ ልተወው የሚለውም አስጨነቀኝ።

ሮቤ ስንደርስ ባለቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የባሌ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ መኪናውን አቆመ። ሳይነግረኝ ነው፤ ተቆጣሁት። አባባን ግን «አባባ፣ ከፈለጉ ብቻ ነው፤ ካልፈለጉ አሁኑኑ እንሄዳለን» አላቸው። አባባ ጥቂት አሰቡና ራሳቸው በሩን ከፍተው ወረዱ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመንገደኛ አውሮፕላን፣ በሁለት ሽክርክሪት የሚሄደው፣ ከተራራው በኩል ብቅ አለ። የአባባ ጣቶች በአጥሩ ሽቦ ላይ ጠበቁ፤ ዓይናቸውን ግን አላነሱም። አርፎ ድምፁ ቆመ። በሩ ተከፈተና አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት ወረደች። ከኋላዋ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ ከዚያም ካርቶን የተሸከመ ተማሪ። አባባ መንገደኞቹን እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ በጣታቸው ቆጠሯቸው።

እስከ ጎሮ ድረስ ዝም ብለን ሄድን። ከጎሮ በኋላ ወደ ትልቋ ልጄ ዞሩ።

«ከአዲስ አበባ ጅዳ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ አባባ።»

ሙስበሃቸውን ጥቂት ቆጠሩ።

«መስኮቱ ዳር የግድ መቀመጥ አለብኝ?»