ዳኛው የመንግሥት ጠበቃ ሲሆን

እስቲ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የዕድሜ ልክ ሹመት ያለው ዳኛ ወንበሩን ትቶ፣ ነገ ሊሻር ወደሚችልበት ሹመት ለምን ይሄዳል?

አሜሪካዊው ሜሪክ ጋርላንድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ 168 ሰው የፈጀው ቦምብ ሲፈነዳ በፍትሕ ሚኒስቴር ይሠሩ ነበር። የስልክና የመኪና አከራይ ድርጅቶች መረጃውን በፈቃዳችን እንስጥ ቢሉም፣ እሳቸው ግን በሕጋዊ ትእዛዝ ካልሆነ አይሆንም አሉ። ነገ ማስረጃው በችሎት ፊት እንዳይወድቅ ነው።

በ1997 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። በ2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያጯቸውም፣ ሴኔቱ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰማቸው ዓመቱ አለቀ። በ2021 ግን ያው ሴኔት በ70 ለ30 ድምፅ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አድርጎ አጸደቃቸው።

ጨዋታው የሚደምቀው እዚህ ላይ ነው። በኅዳር 2022 ትራምፕን የሚመረምር ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሾሙ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ የሾሟቸውን ባይደንን የሚመረምር ሌላ ሾሙ። አንዱ ወገን አድልዎ ነው አለ፤ ሌላው ዘገዩ ብሎ ወቀሳቸው። የኋለኛው ወቀሳ እውነት አለበት። ዳኛ ነገሩ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ዐቃቤ ሕግ ግን ራሱ ነው ነገሩን ፈልጎ የሚሄደው። በዳኝነት ያስከበራቸው እርጋታ እዚህ ጊዜ በላባቸው፤ በትራምፕ ላይ የቀረቡት የፌዴራል ክሶች ፍርድ ሳያገኙ ምርጫው ደረሰ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ተቋቁሞ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሥራው ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተመለሰ። ስሙ ይቀያየር እንጂ ሹሙ የመንግሥት ጠበቃ መሆኑ አልቀረም። ዳኛ ግን ሌላ ነው፤ በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል የምንለው በእሱ ተማምነን ነው። ብርቱካን ሚደቅሳ የፌዴራል ዳኛ ሳሉ በሙስና የተከሰሱትን አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ልቀቁ ቢሉ፣ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው፤ ሕጉም ወዲያው ተሻሽሎ በሙስና የተከሰሰ ዋስትና ተከለከለ። ያን ቀን ውሃው አልቆመም፤ ዳኛዋ ግን የመሰላቸውን ፈርደዋል።

ሹመት ለብቻው እንደማይበቃ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ያሳየናል። ጋይንት ቤተ ልሔም የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነው የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ደቀ መዝሙሩ ድጓውን የትም ይማረው የት፣ መምህር ለመባል እዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። ያሳደገው የኔታ ስለወደደው ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ሊቅ ሰምቶ ይመርምረው። ከዳኝነት ወደ መንግሥት ጠበቃነት የተሻገረም ዕጣው ይኸው ነው። ትናንት የሰው ክርክር መርማሪ የነበረ፣ ዛሬ የራሱን ክስ ይዞ ሌላ ዳኛ ፊት ይቆማል። ይህን የረሳ ሹም ፍርድንም ክስንም በአንድ እጁ ይዣለሁ ማለት ይጀምራል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ዳኛ የነበረ ሰው የፍትሕ ሹም ሆነ ሲባል ስትሰሙ፣ የማን ወገን ነው ብላችሁ አትድከሙ። የሾመውን ሰው ለመመርመር ይደፍራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሚዛኑ እሱ ነው።