ደም ማድረቅ

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች «ደም» የሚለውን ቃል እንደ ልባችን ስናገላብጠው ኖረናል። ደሙ ፈላ እንላለን፤ ደመኛው ነው እንላለን፤ ደም መለሰ እንላለን። ሽማግሌ በመካከል ገብቶ ሁለት የተጣላ ወገን ሲያስታርቅ ደግሞ ደም ማድረቅ ይባላል። ይህን ሁሉ በደብተራችን ጽፈን አጥንተነዋል። ከቁስል የሚወርደው እውነተኛው ደም እንዴት እንደሚደርቅ ግን ያስተማረን መምህር አልነበረም። ያስተማረን የአንድ የዶርማችን ልጅ ጥርስ ነው።

መንጋጋውን አስነቅሎ መጣ። አንድ ቀን ደማ፤ ሁለት ቀን ደማ፤ በሦስተኛውም ቀን ትራሱ ቀልቶ አደረ። ድሮም ኳስ በተጫወተ ቁጥር ጉልበቱ የሚያብጥ፣ በትንሽ ግጭት ገላው የሚበልዝ ልጅ ነበር። ታዲያ ምን ይደረጋል! ለታክሲ አዋጥተን ወደ ሆስፒታል ወሰድነው።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። አምስት ሆነን በመስኮቱ ብናፈጥባቸው አልተቆጡንም፤ እንዲያውም ያስረዱን ጀመር። ደሙ የተቀዳው ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። በውስጡ ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ለዘጠኝ እጅ ደም አንድ እጅ ሲትሬት። ሲትሬቱ የደሙን ካልሲየም አፍኖ ይይዝና መንገድ ላይ እንዳይረጋ ያደርገዋል። «ቱቦው እስከ መስመሩ ካልሞላ ነጭ ውሸት ነው የሚነግረኝ» አሉን። ከዚያ በማሽን ይሽከረከራል፤ ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ጠጅ የመሰለው ፕላዝማ ይቀራል። ፕላዝማው በሰውነታችን ሙቀት ልክ፣ በ37 ዲግሪ ይሞቃል፤ መርጋቱን የሚቀሰቅስ ነገር ይጨመርበታል፤ የተያዘበት ካልሲየምም ይመለስለታል። ከዚያ በኋላ እስኪረጋ ድረስ ያለው ሴኮንድ ይቆጠራል።

ምርመራው ሁለት ነው። አንደኛው አርማንድ ኩዊክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ፒቲ ነው፤ ሁለተኛው ኤፒቲቲ ይባላል። ደም ወደ መርጋት የሚሄድበት መንገድ ከአንድ በላይ ስለሆነ፣ አንዱ ምርመራ የሚያልፈውን ሌላው ይይዘዋል። የጓደኛችን ፒቲ ደህና ነበር። ኤፒቲቲው ግን በዚያ ላቦራቶሪ ቢበዛ 35 ሴኮንድ መሆን ሲገባው 68 ሆነ።

እኛን ያስደነቀን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ሰውየው የጓደኛችንን ፕላዝማ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር እኩል በእኩል ቀላቀሉት፤ 34 ሴኮንድ ላይ ረጋ። ጥቂት ቆይተው አሙቀው ቢደግሙትም ያው ሆነ። «አያችሁ፣ የሚያጠፋ ነገር ቢኖርበት ኖሮ ጤነኛውንም ያበላሸው ነበር። ይሄ ግን የጎደለው ነገር አለ እንጂ ሌላ በሽታ የለበትም» አሉ።

ምኑ ጎደለ? ለማርጋት የሚሠሩት ነገሮች ፋክተር ይባላሉ፤ ስማቸው ቁጥር ነው፤ እስከ 13 ይደርሳሉ (6 የሚባል የለም፤ ራሱ 5 ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል)። የጎደለውን ለመለየት የልጁ ፕላዝማ ፋክተር 8 እንደሌለው አስቀድሞ ከሚታወቅ ፕላዝማ ጋር ይቀላቀላል። ነገሩ የሁለት ድሆች ጎጆ ነው። አንዱ ዱቄት፣ ሌላው እንጨት ካለው እንጀራ ይጋገራል፤ ሁለቱም እንጨት ብቻ ይዘው ከመጡ ግን ምጣዱ ባዶውን ይግላል። የጓደኛችን ምጣድ ባዶውን ጋለ። የፋክተር 8 መጠኑ 3 በመቶ ነው ተባለ። ጤነኛ ሰው ከ50 እስከ 150 በመቶ አለው። ሄሞፊሊያ ኤ ማለት ይኸው ነው።

ይህ የመቀላቀል ብልሃት ትልቅ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 እንግሊዝ አገር እስጢፋን ክሪስማስ የተባለ የአምስት ዓመት ልጅ ደም ተመረመረ። ሮዝሜሪ ቢግስና ባልደረቦቿ የእሱን ደም ከሌላ የሄሞፊሊያ በሽተኛ ደም ጋር ሲቀላቅሉት ረጋ! አንድ በሽታ የተባለው ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ የጎደለው ፋክተር 9 ነበር፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 ሞተ፤ የሞተውም ጉድለቱን እንዲሞላለት በተሰጠው ደም ውስጥ በነበረው የኤድስ ቫይረስ ነው። ዛሬ ደም ይመረመራል፤ ፋክተሩም ከቫይረስ ጸድቶ ይሠራል። ለእኛም ጓደኛ ለምርመራው ከተቀዳለት በኋላ ፕላዝማ ተሰጥቶት መድማቱ ቆመ።

ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት በሦስተኛው ሳምንት እጃችን ገባ። ጓደኛችን አነበበውና ዝም አለ። ማታ ነው የነገረን። ከእሱ በፊት የተወለደ ወንድም ነበረው፤ በስምንተኛ ቀኑ ተገርዞ፣ ደሙ አልቆም ብሎ ሞተ። «የገራዡ እጅ ነው» ተባለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ ቤት ቡና አይጠራራም፤ ለቅሶም አይደራረስ። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ።

እኛ ጮቤ ረገጥን። «በል ወረቀቱን ይዘህ ሂድና ደም አድርቅ!» አልነው። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ወረቀቱ ገራዡን ነጻ ሲያወጣ እናቴን ይከሳል» አለን።

እውነቱን ነው። የፋክተር 8 መመሪያ ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ደግሞ ኤክስን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ከሦስት በሽተኞች አንዱ ያህል በዘሩ ማንም ሳይኖርበት ይወለዳል ይባላል፤ ነገር ግን ሁለት ወንድማማቾች ሲሆኑ ያ መጽናኛ ይጠፋል። ያን ሌሊት ዶርሙ ሸንጎ ሆነ። የሕጉ ተማሪ «ንጹሕ ሰው ተወንጅሎ መኖር የለበትም» ይላል፤ የፍልስፍናው «ሳታውቅ የሰጠችውን ማን ይጠይቃታል?» ይላል። እኛ የቋንቋዎቹ አንድ ነገር ብቻ አስተዋልን፤ እናቲቱ ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ የሌላውን ጉድለት ሸፍኖላት ኖሯል። ያ የቱቦው ቅልቅል በእሷ ገላ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ነበረ። ይህን ወንጀል የሚል ማነው?

በዕረፍት ጊዜ አገሩ ሄዶ ነገራት። የሆነውን እንደነገረን እንጽፋለን። እናቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። አላለቀሰችም። «ከእኔ ነው በለኛ፣ ልጄ?» አለችው። ቀጥላም «እህትህስ?» አለች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ገራዡ ቤት ወጣች። እሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ያገኘችው ሚስቱን ነው። ደጃፉ ላይ ምን እንደተባባሉ ልጁ አልሰማም። ያየው ከዚያ ቤት የቡና ጭስ ሲወጣ፣ እናቱም እስከ ማታ ሳትመለስ ስትቀር ነው።

በእኛ አስተያየት ይህን ደም ያደረቀው ወረቀቱ አይደለም። ወረቀቱ እውነቱን ተናገረ፤ የእውነቱን ሸክም ወስዳ ጎረቤቷን ያሳረፈችው ግን እሷ ናት።

ታናሽ እህቱ ክረምት ላይ ትመጣለች። የፋክተር መጠኗ ደህና ቢሆን እንኳ ተሸካሚ አይደለችም ማለት እንዳልሆነ፣ ለዚያ የዘረመል ምርመራ እንደሚያስፈልግ ባለሙያው ነግረውናል። እሷም ሰምታለች፤ «ይሁን፣ ልወቀው» ብላለች። የታክሲውን ከአሁኑ ማዋጣት ጀምረናል። ቱቦውም እስከ መስመሩ መሙላቱን በመስኮቱ ቆመን እናያለን።