እናትን ይዞ ለአራስ ጥየቃ

አራስ ልጇን ልትጠይቅ ባሕር ማዶ የምትሄድ እናት ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ መገመት አይከብድም፤ የገብስ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ አብሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተነጠረ ቅቤ። እህቴ ፍራንክፈርት ስትወልድ እማዬን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ክርክራችንም ገና ከቤት ሳንወጣ በዚሁ ቅቤ ተጀመረ።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ አገር የሚሄድ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። ቅቤም ሆነ አይብ፣ ቋንጣም ሆነ የቋንጣ ድርቆሽ ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል፤ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። እማዬ «ለገዛ ልጄ በምወስደው ቅቤ ማን ያገባዋል?» ብትልም፣ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ ብቻ ይዘን ሄድን። ጨው የሌለው ቅቤ እዚያው ከሱፐርማርኬት ገዝታ አነጠረች። ቤቱ ልክ እንደ እኛ ቤት ሸተተ። («ለጋ አይደለም» ማለቷን ግን እስከ መጨረሻው አልተወችም።)

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ ልንገራችሁ። ለሼንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ፣ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው ማመልከት ይቻላል። የጉዞ ጤና መድኑ ሽፋን ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። በ180 ቀን ውስጥ መቆየት የሚፈቀደው ቢበዛ 90 ቀን ስለሆነ፣ ዘጠናውን ቀን ከመውለጃዋ ጊዜ ጋር አስሉት። እናትና ልጅ በእኛ ስም አወጣጥ የተለያየ የአባት ስም ስላላቸው፣ ዝምድናቸውን የሚያሳይ የልደት ምስክር ወረቀት አስተርጉሞ መያዝ ከብዙ ማብራሪያ ያድናል።

ዋናው ፈተና ግን ቤት ውስጥ ነው። ጀርመኖች በብርዱ ወራት ጭምር፣ ግድግዳው እንዳይሻግት፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መስኮቱን ለጥቂት ደቂቃ ወለል አድርገው ይከፍታሉ። እህቴም ለምዳዋለች። እማዬ ግን አራስን ነፋስ እንዳይነካት መጋረጃ ስትጋርድ የኖረች ሴት ናት። «አራስ ላይ መስኮት ይከፈታል እንዴ? ልትገድሉብኝ ነው!» ብላ ትዘጋለች፤ እህቴ ትከፍታለች። ሕፃኑ በጀርባው ብቻ፣ ያለ ብርድ ልብስ፣ በመኝታ ከረጢት እንዲተኛ ሲደረግ፣ ውኃ እንኳ ጠብ እንዳይልለት ሲባል፣ እማዬ ጭራሽ ዝም አለች። ዝምታዋ ከቁጣዋ ይከፋል። በአራተኛው ቀን እህቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። እማዬም «ለምን መጣሁ?» ማለት ጀምራ ነበር።

ጀርመን አገር ከወሊድ በኋላ አዋላጅ ቤት ድረስ እየመጣች እናትንም ሕፃንንም ታያለች፤ ወጪውን የጤና መድን ይሸፍነዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ አዋላጇ ስትመጣ እማዬ ወጥ ቤት ትገባ ነበር። በማግስቱ አጠገቧ አስቀመጥናትና «ያልገባሽን ሁሉ አንቺው ጠይቂያት» አልናት። እህቴ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች። ውኃው ለምን ተከለከለ? ብርድ ልብሱስ? ልጅ እናቱን ከሚያስተምር ባለሙያ ለአያት ቢያስረዳ የቱን ያህል እንደሚለይ ያን ቀን አየሁ። አዋላጇ በተራዋ ስለ ገንፎው ጠየቀች። ከምን እንደሚሠራ፣ ለምን ለአራስ እንደሚሰጥ እማዬ በሰፊው አብራራች፤ አቀመሰቻትም። ከዚያ በኋላ «ልጅቷ ሙያ አላት» ሆነ ንግግሯ። እህቴም መስኮቱን የምትከፍተው ሕፃኑን ይዛ ወደ ሌላ ክፍል ከሄደች በኋላ ሆነ። እናንተም እናታችሁን የምትወስዱ ከሆነ ይህን ወሬ አዲስ አበባ ሳላችሁ ጀምሩት፤ እንቅልፍ ያጣች አራስና የተከፋች አያት አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው የሚነጋገሩት ነገር አይደለም።

ቀሪው ቀላል ነው። ቀጠሮን በሁለቱም የሰዓት አቆጣጠር ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ እነሱ 3 ሰዓት ሲሉ የእኛ 9 ነው፣ ደቂቃም አያሳልፉም። እሑድ ሱቅ ስለሚዘጋ ቅዳሜ ሸምቱ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎረቤት ፀጥታ ይፈልጋል፤ እልልታው ለቀን ይቆይ። መኝታ ቤትና ኮሪደር ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ስላለ ቡና የሚቆላው ወጥ ቤት በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነው። (ለቡና ሲሆን እማዬ ራሷ ከፈተችው።) ጎረቤት «ሻይ ትጠጣላችሁ?» ካለ ደግሞ በመጀመሪያው «አዎ» በሉ። ሁለተኛ ልመና የለም። እማዬ ለይሉኝታ «አይ፣ ይቅርብኝ» ብላ ጀበናውን ስትጠብቅ ሴትዮዋ ደስ ብሏት ወሬዋን ቀጠለች።

ከሁሉ የወደደችው የጠርሙሱን ነገር ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲገዛ 25 ሳንቲም መያዣ ይከፈላል፤ ባዶውን ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ሲውጠው ገንዘቡ ይመለሳል። እኔ ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ ስትደውልልኝ ስለ ሕፃኑ ሁለት ደቂቃ፣ ስለ ጠርሙሱ ገቢ አሥር ደቂቃ ታወራኝ ነበር። ቤት የተጠራቀመውን ሃይላንድም ለቆራሌው እንዳልሰጥባት አስጠንቅቃኛለች።