በጎማ ታንኳ ላይ የተነደፈ መርከብ

ባሕር ከሌለበት አገር የተወለድሁ፣ ከጣና በቀር ሰፊ ውኃ አይቼ የማላውቅ ሰው ስሆን ስለ መርከብ ለመጻፍ ብዕር ማንሣቴ አንባቢን ሳያስገርመው አይቀርም፤ እኔንም አስገርሞኛል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ያዋሰኝና መዝገበ ቃላት ከአጠገቤ አድርጌ በብዙ ማታ ድካም የፈጸምሁት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከልቤ ሊወጣልኝ አልቻለም። በውስጡ ያገኘሁትም ነገር የገዛ ቤቴን ስለ ነካ ዝም ማለቱ ከበደኝ።

ባለ ታሪኮቹ ሞሪስ ቤይሊና ሚስቱ ማራሊን ናቸው። የሚኖሩት በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ ሲሆን ባልዮው በማተሚያ ቤት ተቀጥሮ የሚያድር ሰው ነበር። ሀብታሞች አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በአንድ መንደር ውስጥ መጨረስ ግን ስላልተዋጠላቸው ቤታቸውን ሸጡና ርዝመቷ 31 ጫማ፣ ይኸውም ከ9 ሜትር ጥቂት የምትበልጥ ባለ ሸራ መርከብ ገዙ። ከሁለቱም ስም ቈርጠው በመግጠም ኦራሊን ብለው ሰየሟት። ከዚያ በኋላ መኝታቸውም ወጥ ቤታቸውም ርስታቸውም እርሷ ሆነች። በ1964 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ከእንግሊዝ ተነሡ፤ የሚያስቡትም እስከ ኒው ዚላንድ ለመድረስ ነበር።

መንገዱ በእንዲህ ያሉ ተጓዦች ዘንድ የታወቀ ነው። አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በፓናማ ቦይ አልፎ፣ ሰላማዊ ከሚባለው ውቅያኖስ ይገባል። ከዚያ ወዲያ በምድር ወገብ ላይ የጋላፓጎስ ደሴቶች አሉ፤ ስማቸውንም ያገኙት ከሚኖሩባቸው ታላላቅ ዔሊዎች ነው። ከእነርሱም በስተ ምዕራብ ማርኬሳስና ታሂቲ ይገኛሉ። በዚያ አገር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሳያቋርጥ የሚነፍስ ነፋስ ስላለ፣ ለነዳጅ ገንዘብ የሌለው ሰው እንኳ ሸራውን ዘርግቶ ከደሴት ወደ ደሴት ሊሄድ ይችላል። ባልና ሚስት ብቻቸውን ለዚህ ጉዞ የሚደፋፈሩትም ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ማራሊን መዋኘት አታውቅም ነበር። ሞሪስ ደግሞ ከሰው ጣልቃ ገብነት ነጻ ሆኜ ልኑር በማለት፣ በመርከቧ ላይ መልእክት ማስተላለፊያ ራዲዮ እንዳይኖር አደረገ፤ ሚስቱም ተስማማች። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ቈየሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ማርች 4 ቀን 1973፣ ከፓናማ ከወጡ ጥቂት ቀን ሆኗቸው ነበር። ዕለቱ እሑድ ነው። ቀኑን በእኛ አቈጣጠር ባሰላው የቅበላ እሑድ ሆኖ አገኘሁት፤ በማግሥቱ ሁዳዴ ይገባል። በማለዳ አንድ የቈሰለ ዓሣ ነባሪ መርከቧን ከሥር መታት። ቀዳዳውን በጨርቅና በትራስ ሊደፍኑ ታገሉ፤ ውኃው ግን አየለ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቤታቸው፣ ወጥ ቤታቸውና ርስታቸው በዓይናቸው ፊት ሰጠመ።

በአየር በምትነፋ አንዲት የጎማ ታንኳና ከእርሷ ጋራ በገመድ በታሰረች ትንሽ ጀልባ ላይ ቀሩ። ከመርከቧ ያዳኑት ጥቂት የታሸገ ምግብ፣ የውኃ መያዣ፣ የምልክት ርችትና የማራሊን ማስታወሻ ደብተር ከጥቂት ዕቃ ጋራ ነበር። በመጀመሪያ ወደ ጋላፓጎስ ለመድረስ ሌሊት ሌሊት ቀዘፉ፤ የባሕሩ ሞገድ ግን ወደ ወሰዳቸው ወሰዳቸው። ከዚህም በኋላ የሠሩት ነገር ያስቃልም ያሳዝንማል። አንድ የባሕር ዔሊ ይዘው ታንኳዋን እንዲጐትትላቸው በገመድ አሰሩት፤ እርሱም ደኅና አድርጎ ጐተተ። አንዱ ይህን ያህል ከረዳን ሁለት ቢሆኑማ ብለው ሁለተኛውን ቢያስሩ፣ ያኛው በተቃራኒው አቅጣጫ ይጐትት ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር በመሥሪያ ቤት አይቼ ስለማውቅ ብቻዬን ሳቅሁ።

የታሸገው ምግብ ሲያልቅ መርፌ ቁልፍ ቈልምመው መንጠቆ ሠሩ። ዓሣውን፣ የባሕር ወፉንና ዔሊውን ጥሬውን በሉ፤ ትናንሽ ሻርኮችንም በእጃቸው እየያዙ ከውኃ አወጡ። የሚጠጡት ዝናም ነው፤ እርሱም በጎማው ላይ ስለሚወርድ ጣዕሙ መጥፎ ነበር። በኋላም ታንኳዋ በዓሣ እሾህ ስለ ተበሳች ቀንም ሌሊትም አየር እየነፉ ይጠብቋት ጀመር። ከሁሉ የሚከፋው ግን የመርከቦቹ ነገር ነው። ሰባት መርከብ በአጠገባቸው አለፈ። ርችቱ ቢተኰስ አንዳንዱ አልሠራም። ማራሊን ቆማ ልብሷን ብታውለበልብ የሚያያት አልተገኘም።

በዚያው ዓመት በአገራችን በወሎ ዝናም ጠፍቶ ሕዝብ በረኀብ ያልቅ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በውቅያኖስ መካከል ደመና ሲጠባበቁ የወሎ ገበሬም በደረቅ መሬቱ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ያንጋጥጥ ነበር። የእነርሱን መከራ ዓለም በመጽሐፍ አነበበው፤ ከወሎዎቹ ግን የብዙዎቹ ስም እንኳ አልተመዘገበም። ይህን ማለቴ ቤይሊዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ቀኑን ሳሰላ ስለ ከነከነኝ ነው። ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሞሪስ ተስፋ የሚቈርጥ ሰው ነበር። ታመመም፤ መሞታችን አይቀርም እያለም ራሱን አስጨነቀ። ማራሊን ግን እንደምንድን አልተጠራጠረችም። ከወረቀት ዶሚኖና መጫወቻ ካርታ ቈርጣ ከባሏ ጋራ ተጫወተች። በማስታወሻዋም ወደ ፊት ለእንግዶቻቸው የምታቀርበውን ምግብ ዘረዘረች፤ ቀጥሎ ስለሚሠሩት መርከብም ተነጋገሩ፤ ስሙም ኦራሊን ሁለተኛ ይባላል ተባለ። እንግዲህ አንባቢ ያስብ፤ እነዚህ ሰዎች የሚቀጥለውን መርከብ ወጥ ቤትና ጓዳ የሚያሰናዱት ከሥራቸው ባሕሩ፣ ከላያቸው ፀሐዩ፣ በእጃቸው ጥሬ ዔሊ ሆኖ ነው።

እኔን ይህ ነገር እንቅልፍ ከለከለኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት ወደ አንድ ሩቅ ወረዳ ተዛውሬ ነበር። የዝውውር ወረቀቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስለ ቀረ አራት ወር ደመወዝ አልደረሰኝም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። ታላቅ ወንድሟ በመርካቶ ነጋዴ ነው፤ አንድ ጊዜ ስልክ ቢደወልለት ችግራችን ባለቀ ነበር። እኔ ግን «የሰው እጅ አላይም» ብዬ እንዳትደውልለት አጥብቄ ከለከልኋት። እርሷም «ይሁን» አለች። በሞሪስ ራዲዮ ላይ መጽሐፉን የዘጋሁት ስለዚህ ነው።

በእነዚያ ማታዎች ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤት የማመጣውን የተበላሸ ወረቀት ጀርባውን ገልብጣ ቤት ትነድፍ ነበር። ወደ ፊት የምንሠራው ቤት መሆኑ ነው። ጢሱ መኝታ ቤት እንዳይገባ ወጥ ቤቱን ከነፋስ በታች ታደርገዋለች፤ ምጣዱ እዚህ፣ እንስራው እዚያ፣ ልጁ የሚጫወትበት ደጅ በዚህ በኩል እያለች ታሳየኛለች። አንድ ማታ ቈሎ ቈርጥመን ከተቀመጥን በኋላ ይህንኑ ብትጀምርልኝ ንዴት ያዘኝና «ጤፍ የሌለው ሰው ወጥ ቤት ምን ያደርግለታል?» ብዬ ወረቀቱን ከእጇ ነጥቄ ከምድጃው ጨመርሁት። አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። በማግሥቱ ማታ ሌላ ወረቀት አውጥታ እንደ ገና ጀመረች። ልጅ ነገር ናት ብዬ ናቅኋት። እውነቱን ልናገርና፣ መጽሐፉን እስካነብ ድረስ እንደ ናቅኋት ኖሬአለሁ።

ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም. ዎልሚ 306 የተባለ የኮሪያ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ በአጠገባቸው አለፈ። ይህም እንደ ሰባቱ ሄደ ሲሉ ዞሮ ተመለሰ። በባሕር ላይ 117 ቀን አሳልፈው፣ 1,500 ማይል ያህል ተንሳፈው፣ ቆሞ መሄድ አቅቷቸው፣ ዐጥንታቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ኮሪያውያኑ እንደ ሕፃን አድርገው መገቧቸው፤ በሆኖሉሉም አወረዷቸው። ሞሪስ ያለ ሚስቱ እንደማይተርፍ ሳይደብቅ ተናግሯል። ከዚያም የታሰበችው ኦራሊን ሁለተኛ እውነት ሆነችና በእርሷ እስከ ፓታጎኒያ ድረስ ሄዱ። ማራሊን በፈረንጆች 2002 አረፈች፤ ሞሪስም እስከ 2018 ብቻውን ቈየ።

መጽሐፉን የጨረስሁ ዕለት ለባለቤቴ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር አጫወትኋት። ቡና እያፈላች ነበር። ከዚያም በስድስት ዓመቴ «ወረቀቱን ካቃጠልሁብሽ በኋላ ለምን እንደ ገና ጀመርሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ያንተን ፊት ብቻ እያየሁ ልቀመጥ ኖሯል?» አለች።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። ባለ ሱቁ በዱቤ ሰጠን ብዬ ለሰው ሁሉ የማወራው ጤፍ ወንድሟ በላከው ገንዘብ የተገዛ ኖሯል። ወረቀቱን ባቃጠልሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ከተማው ወጥታ ደውላለታለች። «ልጁ በሆዴ ነበረ፤ ያንተ ኵራት ደግሞ አይበላም» አለችኝ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ሳላይ ክፉ ቀን አሳለፍሁ እያልሁ በወዳጆቼ ፊት ስመካ፣ እርሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማኝ ነበር። ወንድሟም በየበዓሉ ቤታችን ሲመጣ አንድ ቀን ቃል አልተነፈሰም።

የምለው ስላጣሁ ስኒዬን ብቻ ይዤ ቀረሁ። እርሷ ግን ሐሳቧ ሌላ ዘንድ ነበር። ሁለተኛውን ቡና ስትቀዳ ቀና ብላ «ሴትዮዋ ግን፣ በሁለተኛው መርከብ ወጥ ቤቱ እንደ ፈለገችው ሆነላት?» ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት አልቻልሁም።