የአፕዴት ማግሥት

ከ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ ከጎረቤትም፣ ከሥራ ባልደረባም፣ ከዘመድም ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «ኮምፒውተሬን ወደ ዊንዶውስ 11 አሳደግኩት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ተንቀራፈፈብኝ። ፎርማት ላስደርገው ወይስ ሸጬ ሌላ ልግዛ?» ጥያቄው የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቁሟል። ስለዚህ በየቤቱ ያለው ኮምፒውተር ወይ አድጓል፣ ወይ ተራውን እየጠበቀ ነው፣ ወይ ደግሞ አቅምህ አይፈቅድም ተብሎ ባለበት ቀርቷል።

የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከመሸጥም ከመደምሰስም በፊት ምን እየሠራ እንደሆነ እንየው። የዘገየ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ እኛ ያላዘዝነው ሥራ ይዞት ነው። ያ ሥራ ምን እንደሆነ ማየት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና ኔትወርክ ጎን ለጎን ተደርድረው ቁጥሮቻቸው ሲለዋወጡ ይታያል። ዲስክ የሚለውን ርእስ አንዴ ሲነኩት ዲስኩን በብዛት የያዘው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። በአፕዴት ማግሥት እዚያ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ የታወቁ ናቸው። አንዱ ፋይሎቻችንን እያነበበ ለፍለጋ የሚያሰናዳው ኢንዴክሰር ነው። ሌላው ቫይረስ ለመያዝ ዲስኩን ከጥግ እስከ ጥግ የሚፈትሸው ዲፌንደር ነው። ሦስተኛው የቀሩትን ድራይቨሮች እያወረደ የሚጭነው ዊንዶውስ አፕዴት ነው። ሦስቱም ሥራቸውን ሲጨርሱ ይረጋጋሉ።

ሲፒዩው 10 በመቶ ላይ ተኝቶ ዲስኩ ግን 100 በመቶ ከሆነ፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው አሮጌው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ሊሆን ይችላል። እዚያ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ ላይ የሚመላለስ ቀጭን ክንድ አለ። ኢንዴክሰሩ ከአንድ ጥግ፣ ዲፌንደር ከሌላ ጥግ፣ እኛ ደግሞ ከሦስተኛ ጥግ ስንጠይቀው ክንዱ አንዱንም ሳያደርስ ሲመላለስ ይውላል። ጆሮ አስጠግቶ የሚያዳምጥ ሰው ምልልሱን ይሰማዋል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ ጣጣ የለበትም። ለአሮጌ ላፕቶፕ አንድ ነገር ብቻ ግዛልኝ ብባል፣ ከፕሮሰሰሩም ከስክሪኑም በፊት ሃርድ ዲስኩን አስወጥቼ ኤስኤስዲ አስገባለታለሁ። የብዙ ሰው «ልሽጠው» የሚል ሐሳብ እዚህ ላይ ያበቃል።

ያ ሁሉ የውስጥ ሥራ የሚያልቀው ግን ማሽኑ በርቶ ሲቆይ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ልማዱ ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያስከትለውን ስለምናውቅ፣ ሥራችንን እንደጨረስን አጥፍተን ከሶኬት እንነቅላለን። ልማዱ ምክንያት አለው፤ ብዙ ዕቃም አትርፏል። ይሁን እንጂ በአፕዴት ማግሥት ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር የውስጥ ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሳይጨርስ ይጠፋል፤ በነጋታው እንደገና ይጀምራል። ባለቤቱም ለሳምንታት ቀርፋፋ ማሽን ይዞ ይቆያል። አንድ ሌሊት ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ፣ ስሊፕ ሳይገባ ማሳደር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ በዚያው ማውረዱን ማስጨረስም ይቻላል። ቀን በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ደግሞ ኔትወርኩን «ሚተርድ» አድርጎ ቢያስቀምጠው፣ ዊንዶውስ ትልልቁን ፋይል ሳይጠይቅ አያወርድበትም።

ዴስክቶፕ ያለው ሰው ያለ ዩፒኤስ አፕዴት ባይጀምር እመክራለሁ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም በዚህ ረገድ ያው ዴስክቶፕ ነው። መቶኛው እየቆጠረ ሳለ መብራት ቢሄድ ዊንዶውስ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ስለ ማጥፋት ካነሣን፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ስንል ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በሚቀጥለው ቀን ቶሎ ለመነሣት ሲል የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። «ሪስታርት» ስንለው ግን ሁሉን ጥሎ ከሀ ይጀምራል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ከፍተው ሲፒዩን ሲነኩ «አፕ ታይም» የሚል ቆጣሪ አለ። ማታ ማታ በደንብ የሚያጠፋ ሰው እዚያ ላይ ብዙ ቀን ተቆጥሮ ሲያይ ይገረማል። ከአፕዴት በኋላ ድምፅ እምቢ ሲል፣ ፕሪንተር ሲጠፋ፣ ዋይፋይ ሲያንገራግር፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ሪስታርት ነው።

ቀጥሎ የማየው ማሽኑ ሲነሣ አብረውት የሚነሡትን ነው። እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርት አፕ» የሚል ዝርዝር አለ። በእኛ አገር ኮምፒውተሮች ላይ ቴሌግራም ከዚህ ዝርዝር ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ዙም፣ ቲምስና ስካይፕም ከኦንላይን ስብሰባ ዘመን ተርፈው ይገኛሉ። 4 ጊጋባይት ራም ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛው መጠን ነው፤ ገና ምንም ሳይከፈት ሲስተሙ ራሱ አብዛኛውን ይወስደዋል። ስለዚህ ለትንሽ ራም እያንዳንዱ በራሱ የሚነሣ ፕሮግራም ሸክም ነው። «ዲሴብል» ማለት ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ሲፈልጉት ይከፍቱታል።

ቴሌግራምን ካነሣሁ ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ የሚፈጥረውን ፎልደርም አንርሳ። መዝሙሩ፣ የፈተና ወረቀቱ፣ ፒዲኤፍ መጽሐፉ፣ የሠርግ ቪዲዮው፣ ሦስት ጊዜ የወረደው ያው የቅጽ ወረቀት፣ ሁሉም እዚያ ይከማቻል። የማይፈለገውን ለይቶ ማጥፋት ብዙ ጊጋባይት ያስለቅቃል። ዊንዶውስ ራሱ ደግሞ የቀድሞውን ሲስተም «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» በሚል ፎልደር ለ10 ቀናት ያቆየዋል። አዲሱ ካልተስማማን ወደ ኋላ የምንመለሰው በእርሱ ነው። ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። ቦታ የጠበበው ሰው ቀኑ ሳይደርስ ከስቶሬጅ ቅንብሩ ሊያስወግደው ይችላል፤ እኔ ግን ሁሉ ነገር መሥራቱን ሳላረጋግጥ አልነካውም። «በአንድ ክሊክ ኮምፒውተርዎን እናፈጥናለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ግን መራቅ ነው። የሚጠቅመውን ሥራ ዊንዶውስ ራሱ በነጻ ይሠራዋል፤ የተረፈውን ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት አደጋ ነው።

ለእኛ ከፍጥነትም የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ፊደላችን ነው። ጎረቤቴ የሆኑ ጡረተኛ መምህር የቤተሰባቸውን ታሪክ ለዓመታት ሲጽፉ ኖረዋል። ከአፕዴት በኋላ አንድ ሰው አዲስ ፎርማት አድርጎ ሲስተሙን ጫነላቸው። ፋይሉን ሲከፍቱት ገጹ በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ተሞልቶ አገኙት። «ልጄ፣ የሃያ ዓመት ልፋቴ ጠፋ እኮ» አሉኝ። «ጋሼ፣ አልጠፋም። ሲጽፉበት የነበረውን ሶፍትዌር ሲዲ ወይም አሮጌውን ፍላሽ አስቀምጠውታል?» አልኳቸው። ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ከነሽፋኑ አመጡት። ከውስጡ ፎንቱን አውጥተን ጫንነው። ፋይሉን ዘግተን ስንከፍተው የአያታቸው ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ ቁጭ ብሏል። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ አነበቡት።

የሆነው ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በ3.0ኛው ስሪት ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የላቲን ፊደላትን ኮድ እየተዋሱ በላዩ ላይ የእኛን ፊደል በፎንት ይስሉ ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥር ያለው ኮድ ይጋለጣል፤ ጽሑፉ ግን እዚያው አለ። ሲስተሙን ሳይደመስሱ ማሳደግ ፎንቶቹን ባሉበት ይተዋቸዋል። ፎርማት ግን አብሮ ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ አሮጌ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ቤት ከሁሉ በፊት የፎንት ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ ይገልብጥ፤ ከተቻለም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ያስቀይር።

በዩኒኮድ የተጻፈውም አንዳንዴ መልኩ ይለወጣል። በዊንዶውስ ቪስታ የመጣው ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ተጨማሪ ክፍል ሆኖ ወጥቷል። አማርኛ ያልተመረጠበት ኮምፒውተር ላይ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ፎንት ሲከፈት መስመሩ ይገፋል፣ ሠንጠረዡ ይፈርሳል፣ ፊርማው ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል። መፍትሔው ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» የሚለውን ፈልጎ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን መጫን ነው።

ሰዓቱንም ማየት አይከፋም። ዊንዶውስ የሰዓት ክልሎች ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የለችም፤ የእኛን ሰዓት የምናገኘው ናይሮቢ በሚለው ነው። ክልሉ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የ3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ሰዓቱ ሲዛባ ድረ ገጾች «ደኅንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ አይከፈቱም። ሰውም ኢንተርኔቱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የዚያች ትንሽ ባትሪ ነው።

ከሶፍትዌር ወጥተን ማሽኑን በእጃችን እንንካው። ከታች በኩል የሚሞቅና ፋኑ የሚያጓራ ከሆነ አቧራ ይዞታል። ሙቀቱ ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ግን አፕዴቱን ይወቅሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ እያንዳንዱ የፋን ዙር የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚህ በእኛ ከተማ የታፈነ ፋን ይበልጥ ይጎዳል። ላፕቶፕን አልጋ ልብስ ላይ አለማስቀመጥና መተንፈሻውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ለማንም የሚቻል ነገር ነው። ውስጡን ከፍቶ የፕሮሰሰሩን የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት መቀየር ለባለሙያ ይተው።

ማደግ ያልቻለውስ? ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና በአመዛኙ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ከመርካቶ ወይም ከቦሌ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ይህን ላያሟላ ይችላል። ለዊንዶውስ 10 ተጨማሪ ጥገና የተመዘገበ ሰው የደኅንነት ጥገናው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይራዘምለታል። ከዚያ ወዲያ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሲስተም አለ። አማርኛ ይጽፋል፣ ኢንተርኔት ይከፍታል፣ ለተማሪ ልጅም ይበቃል። ዕድሜው ገና የሆነን ዕቃ መጣል ለኪስም ለአገርም ኪሳራ ነው።

ይህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ሆኖ የሚያበቃ አይደለም። ዊንዶውስ 11 በየዓመቱ አንድ ትልቅ አፕዴት ያገኛል። ከ2022 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የወጡት አራቱም በእኛ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው የዋሉት። ለእኛ ይህ ምቹ ወቅት ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ቤት ይጸዳል፣ ተማሪም ለትምህርት ይሰናዳል። ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ፎንቶቹን ፍላሽ ላይ ማኖር፣ አቧራውን መጥረግ፣ አፕዴቱን አስጀምሮ አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ይህ ሁሉ ከአዲስ ዓመት የቤት ሥራ ጋር ቢቆጠር መልካም ነው። ሥራውንም ለአንድ ልጅ ብቻ መተው አይገባም። ያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወይም ውጭ ሲሄድ ቤቱ የሚያውቅለት ሰው ያጣል። እናትም አባትም ታናናሾችም አብረው ይዩት፤ የሚቀጥለውን መስከረም ሌላው ይሥራው።