ደፍርሶ የሚወርደው ውሃ

ካርቦን የተባለውን ንጥረ ነገር በትምህርት ቤት የምናውቀው በምልክቱ ነው፤ በቤታችን ደግሞ በከሰልነቱ። በጅረት ተጭኖ አገር ለአገር እንደሚዞር የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔ የመንደራችን ጅረት ክረምት በመጣ ቁጥር ደፍርሶ ወደ ግልገል ዓባይ ሲወርድ እያየሁ ያደግሁ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ተማሪዎች ላወጋ አሰብሁ።

ሥርና ረቂቅ ተሕዋስያን በአፈር ውስጥ ሲተነፍሱ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ውሃው ከምንጭ ወጥቶ ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ሲወርድ፥ አምቆ የያዘውን ጋዝ ገና ሩቅ ሳይሄድ ይለቀዋል፤ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ማለት ነው። ስለዚህ ትንንሾቹ ጅረቶች በስፋታቸው ኢምንት ቢሆኑም ሥራቸው ታላቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት የዓለም ወንዞችና ጅረቶች በያመቱ ወደ አየር የሚለቁትን ካርቦን 1.8 ቢሊዮን ቶን ያህል ብሎ ገምቶታል።

በስዊድንና በፊንላንድ ብዙዎቹ ጅረቶች ከረግረግና ከጥድ ጫካ ሥር ስለሚመነጩ ውሃቸው እንደ ሻይ የቀላ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው የበሰበሰው ተክል ሟሙቶ ነው። የእኛ ውሃ መልኩ ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉማራን፥ ርብን ወይም መገጭን ያየ ሰው የሚያየው አፈሩን ራሱን ነው፤ ካርቦኑም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይጓዛል። ዘጌ የገባ ግን ልዩነቱን በእግሩ ይረዳዋል፤ ከቡናው ጥላ ሥር ቅጠል ተነጥፎ መሬቱ ይለሰልሳል፥ ዝናቡም ሳይሮጥ ይሰርጋል።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ካርቦኑም ከፊሉ ይቀበራል፥ ከፊሉን ተሕዋስያን በልተውት እንደገና ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ለታንኳ የሚሆነው ደንገል በዳር ቆሞ ደለሉን ያጠልል ነበር፤ አሁን በብዙ ስፍራ ቦታውን ለእርሻ ለቅቋል። በ2004 ዓ.ም. የታየው እምቦጭም የሚመገበው ከአፈሩ ጋር የወረደውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው።

ጅረቱን ወደ ላይ ስከተለው የደረስሁት ከምድጃ ነው። ለመሬቱ መመለስ የነበረበት እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ካርቦኑ በጢስ ይወጣል፤ አንድ የሚያደርገውን ያጣ አፈር በመጀመሪያው ዶፍ ይሸረሸራል። ይህን ባለፈው ዕረፍት ለእናቴ በሰፊው አስረዳኋት። ጨርሳ ካዳመጠችኝ በኋላ፥ «ደግ ተናገርህ ልጄ፤ እንጀራውን ታዲያ በምን ልጋግር?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ በመማሪያ መጻሕፍቴ ውስጥ የለም። የባሕር ዛፉ ግንድ ለገንዘብ ይሸጣል፤ ለቤት የሚተርፈው ቅጠሉና ጭራሮው ነው።

እርሷ ግን የራሷ አከፋፈል አላት፤ የበረቱን ጥራጊ ለጓሮው ጌሾና ጎመን፥ ኩበቱን ለምጣድ። ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ድርሻ የለውም፤ ጅረቱም አፈር የሚወስደው ከዚያ ነው።