በረኛው ሲለወጥ

በዛሬው ዘመን ኮምፒዩተር በቢሮ፥ በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ቤት የሰው ረዳት ከሆነ ቈይቷል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምናውቀው ሥራ ከጀመረ በኋላ ያለውን ጠባዩን ብቻ ነው፤ ማብሪያው ተጭኖ እስኪነሣ ድረስ ባሉት ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህም አንድ ቀን የለመድነውን ነገር ቢደብቅብን ያለን ሁሉ የጠፋ ይመስለንና ወደማይመለስ ውሳኔ እንቸኩላለን። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ ከዲስክ ላይ የፈሰሰ ግን ብዙውን ጊዜ አይለቀምም። እኔም በዚህ ረገድ የተማርኩትን ለትምህርት ጓደኞቼና ለወላጆች ለማካፈል ብዬ ይህችን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

በመጀመሪያ አነሣሡን እንመልከት። ኮምፒዩተር ሲጠፋ ራም በሚባለው ማስታወሻው ውስጥ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲበራ እንግዲህ ራሱን በራሱ ማንሣት አለበት። «ቡት» የሚለው ቃልም የመጣው የጫማውን ማንጠልጠያ ስቦ ራሱን ከመሬት ስለሚያነሣ ሰው ከሚናገር የእንግሊዝኛ አባባል ነው። አነሣሡም በደረጃ ነው። መጀመሪያ በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ የተጻፈው ዩኢኤፍአይ የሚባለው ፕሮግራም ይነቃና ዕቃዎቹን ይመረምራል። ቀጥሎ በእርሱ ዘንድ ያለውን የስም ዝርዝር አይቶ በዲስኩ ላይ ወደ ተለየች አንዲት ትንሽ ክፍል ይሄዳል፤ በዚያም ቡት ሎደር የሚባለውን ፕሮግራም ያገኛል። ቡት ሎደሩም ዋናውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም፥ ይኸውም ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን፥ ከዲስኩ አንሥቶ ወደ ማስታወሻው ያስገባና ሥራውን ያስረክበዋል።

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ሲስተም ሲኖር ነገሩ ሁለት ቤተ ሰብ እንደሚኖርበት ግቢ ይሆናል። በሩ አንድ ነው፤ በረኛውም እንግዳውን «ወደ ማን ቤት ነው?» ብሎ ጠይቆ ያስገባል። በሊኑክስ በኩል ይህን ሥራ በብዛት የሚሠራው ግራብ የተባለው ፕሮግራም ነው፤ እርሱንም ኤሪክ ቦሊን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ጀመረው። በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ቡት ሎደሩ የሚጀምረው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ነበር፤ ከዚያም ለፕሮግራሙ የሚደርሰው 446 ባይት ብቻ ስለ ነበረ ኋላ የመጣው የፊተኛውን አጥፍቶ ይቀመጥ ነበር። በዩኢኤፍአይ ግን እያንዳንዱ ሲስተም በትንሿ ክፍል ውስጥ የራሱ ማኅደር አለው። ሆኖም አንዱ ሲስተም እንደ አዲስ ሲጫን የራሱን በረኛ ፊት ያቆማል፤ ይህም በረኛ የሚያውቀው የራሱን ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌላው ቤት በቦታው እያለ «እዚህ ሌላ ሰው የለም» ተብሎ እንግዳው ይመለሳል።

ይህ ነገር በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር በቤታችን ደረሰ። አባቴ ለሒሳብ ሥራው በዊንዶውስ ይጠቀማል፤ በዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታላቅ እኅቴ ደግሞ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዐይነት ትሠራለች። ዊንዶውሱ እጅግ ስለ ዘገየ አባቴ ኮምፒዩተሩን ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው፤ እዚያም ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጫነ። ወደ ቤት ሲመለስ ግን ምርጫ የሚያቀርበው ጥቁሩ ስክሪን ቀርቶ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ይገባ ጀመር። በኡቡንቱ ክፍል ውስጥ የእኅቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበረ፤ ከዚያም የሚበልጠው፥ በ2016 ዓ.ም. ካረፉት አያታችን አንደበት የተቀዳ ስድስት ሰዓት የሚያህል ድምፅ ነበረ። ጽሑፉ በፍላሽ ላይ የቀድሞ ቅጂ ነበረው፤ የአያታችን ድምፅ ግን ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

እኅቴ ወደ ጠጋኙ ደውላ ስትጠይቅ «ያኛው ክፍል ተበላሽቷል፤ አምጡትና ፎርማት አድርጌ እጭንላችኋለሁ» አላት። ክፍሉን በዊንዶውስ ለመክፈት ስንሞክርም ፎርማት ይደረግ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ይህ ጥያቄ ግን ክፍሉ ባዶ መሆኑን አያስረዳም፤ ኡቡንቱ የሚጽፍበትን ኢኤክስቲ 4 የተባለ አቀማመጥ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ስለማያነብ የሚመጣ ነው። ነገሩ ፊደል ያልቈጠረ ሰው የተጻፈ ብራና አግኝቶ «ይህን ፍቄ ልጻፍበትን?» ብሎ እንደሚጠይቅ ነው።

አባቴ የባለሙያ ቃል ይበልጣል ብሎ ኮምፒዩተሩን ሊመልሰው ተነሣ። እኔም «አባባ፥ እስከ ነገ ማታ ይታገሡኝ፤ እስከዚያው ማንም ምንም እንዳይጽፍበት» አልሁት። ጥቂት አሰበና «እሺ፥ ነገር ግን የምትነካውን ሁሉ አስቀድመህ ለእኅትህ ንገራት» ብሎ ፈቀደልኝ።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ኤፍ 12ን ተጭነን የዩኢኤፍአይን ዝርዝር አየን። የኡቡንቱ ስም በዝርዝሩ ቢኖር ኖሮ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ስሙ ግን አልነበረም። በማግሥቱ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ አዘጋጅቼ ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ አስነሣሁት፤ በዚህ ዘዴ በዲስኩ ላይ ምንም ሳይጫን መሥራት ይቻላል። የዲስኩን ክፍፍል ስንመለከት የኡቡንቱ ክፍል በሙሉ መጠኑ በቦታው ነበረ። ለማንበብ ብቻ እንዲከፈት አድርገን፥ ከማናቸውም ጥገና በፊት ፋይሎቹን ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥናቸው። እኅቴ ከድምፆቹ አንዱን ከፈተችው። የአያታችን ሳል፥ ቀጥሎም «ልጄ፥ መቅጃው ሠራ ወይ?» የሚለው ድምፃቸው ተሰማ። አባቴም ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ከዚህ በኋላ ግራብን በትንሿ ክፍል ውስጥ መልሰን አስቀመጥነው፤ ስሙም ወደ ዩኢኤፍአይ ዝርዝር ተመለሰ። ኡቡንቱ ተነሣ፤ አሁን ደግሞ በምርጫው ውስጥ ዊንዶውስ ጠፋ! እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 2.06 ከተባለው ግራብ ጀምሮ፥ ሌላ ሲስተም እየፈለገ እንዳይመዘግብ ሆኖ እንደሚመጣ አንብቤ ስለ ነበር፥ በማስተካከያው ፋይል አንድ መስመር ለውጠን ዝርዝሩን እንደገና አሠራነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ስሞች ተጻፉ። ለአንዱ ቤት በር ከፍቶ የሌላውን መዝጋት ጥገና ሊባል አይችልምና ሥራው የተፈጸመው አባቴ ሒሳቡን ከፍቶ ካየ በኋላ ነው።

ይህን የጻፍሁት ጠጋኞችን ለመውቀስ አይደለም። ፎርማት ማድረግ ፈጣን ነው፤ ደንበኛውም ቶሎ ይደረግልኝ ይላል። ነገር ግን በዲስኩ ውስጥ ያለው ነገር ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቀው ባለቤቱ እንጂ ጠጋኙ አይደለም፤ ስለዚህ «ይጥፋ» ለማለት ሥልጣኑ የባለቤቱ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ ኮምፒዩተራችሁ አልነሣም ቢላችሁ መጀመሪያ የትኛው ደረጃ ላይ እንደ ቆመ ጠይቁ፤ ዩኢኤፍአይ ነውን? ቡት ሎደሩ ነውን? ወይስ ሲስተሙ ራሱ? ለጥገና ስትሰጡም ሁለት ሲስተም እንዳለው ጽፋችሁ ስጡ። ዊንዶውሱ ቢትሎከር በተባለው መቈለፊያ የተጠበቀ ከሆነ፥ የአነሣሥ ለውጥ ሲደረግ መክፈቻውን ቍጥር ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጻፉት። ከሁሉ በላይ ግን የምትወዱት ሰው ድምፅ ወይም ፎቶግራፍ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ካለ፥ ይህን መጽሔት አስቀምጡና ዛሬውኑ ሁለተኛ ቅጂ አድርጉለት።